አስማማው ያየው አረንጓዴ

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሔራን፣ ሃምቡርግ

የያዝሽውን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክልሽ፣ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልሽ እያልሁ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን። እናትሽ አገርነሽም ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ አልታዘዝ ብሏት ከሹም አቦ ሰፈር ወደ እኛ ስትመጣ ባጃጅ ትጠብቃለች።

በስልክ ብነግርሽ ይቀልል ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ እየተቆራረጠ ግማሹን አንቺ ግማሹን እኔ እየገመትን ነው የምናወራ። ስለዚህ እንደ ለመድሁት በእጄ ጽፌዋለሁ። የጀልባ ማኅበራችን ጸሐፊ ማህሌት ፎቶ አንሥታ፣ ኢንተርኔቱ በመጣ ጊዜ ትልክልሻለች።

ነገሩ አንቺ ስለ ሠራሽልን የስልክ አፕ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት የጀልባ ተራ ሳስከብር የሐይቁን ነፋስ ቀን በቀን የጻፍሁባቸውን ደብተሮች ሰብስበሽ ስትወስጂ፣ "ይህች ልጅ ምን ልታደርጋቸው ነው?" ብዬ ስቄብሽ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተሩ ከእኔ ደብተርና በየደሴቱ ካስተከልሻቸው መለኪያዎች ተምሮ፣ ነፋስ የሚነሣበትን ሰዓት አስቀድሞ ይነግረናል። አረንጓዴ ከሆነ እንወጣለን፤ ቀይ ከሆነ እንቀመጣለን። ነጂዎቹ መጀመሪያ ያፌዙበት ነበር። አሁን ስልኩን ሳያይ የጀልባ ገመድ የሚፈታ የለም።

ግን በዳግም ትንሣኤ እሑድ ጉድ ሆነን ነበር። እንግዳው በዛ፤ ነጂው፣ አስጎብኚው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስልኩን ከፈተ። ቢሯችን ያለው ኮምፒውተር ተጨናንቆ ቆመ፤ ወዲያው ደግሞ መብራት ጠፋ። ሃያ ሁለት ጀልባ ውኃ ላይ እያለ ስልኩ የምትሽከረከር ክብ ብቻ ሲያሳየን ዋለ። ያን ዕለት ነፋሱ ባለመነሣቱ ተረፍን።

ለሰኔ ሚካኤል ወደ ደሴቱ የሚሻገረውን ሕዝብ ታውቂዋለሽ። ከዚያ በፊት አንድ መላ ፈልጊለት። ሌላ የምለምንሽ የለኝም።

በጸሎቱ የማይረሳሽ አጎትሽ
ቢያዝን


ሃምቡርግ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ቢያዝን

ለእርስዎም ለእማዬም ለመላው ቤተሰብ ጤናውን ያብዛልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎ በስምንተኛው ቀን ደረሰኝ፤ ካነበብኩት ጀምሮ ከሥራ ስመለስ የማስበው እሱን ብቻ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን ያህል ሰው የሚተማመንበትን ነገር በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማንጠልጠል አልነበረብኝም። አሁን አፑን ለሥራው ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አሽጌ ኮንቴይነር በሚሉት ውስጥ ከትቼዋለሁ። ኮንቴይነር ስልዎት ዓባይ ማዶ መንገድ ዳር ሱቅ የተከፈተባቸው የብረት ቤቶች እንዳይመስልዎት። ይህኛው የፕሮግራም እሽግ ነው፤ ጥቅሙም የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢያስቀምጡት አንድ ዓይነት ሥራ መሥራቱ ነው። ስለዚህ ከእሽጉ ሦስት ቅጂ አውጥቼ፣ ክላስተር በሚባሉ እርስ በርስ በተያያዙ ኮምፒውተሮች ላይ አስቀመጥኳቸው።

በላያቸው ኩበርኔቲስ የሚባል ተቆጣጣሪ ፕሮግራም አለ። ሥራው የእርስዎን ይመስላል። ጠያቂ ሲመጣ ከሦስቱ ቅጂዎች ተራው ለደረሰው ይመራዋል። በየዐሥር ሰከንዱ እየዞረ "አለህ?" ይላቸዋል፤ መልስ ያልሰጠውን አጥፍቶ በቦታው አዲስ ያስነሣል። ሰው ሲበዛ ቅጂ ይጨምራል። ኮምፒውተሮቹ ያሉት ሌላ አገር ስለሆነ የባሕር ዳር መብራት ቢጠፋም አይነካቸውም።

ግንቦት 30 ሥራ ላይ አውለዋለሁ። ከእንግዲህ ዝም አይልብዎትም።

እማዬን ሐኪም ቤት ይውሰዱልኝ። እሑድ እሑድ ስደውልላት "ደኅና ነኝ" ከማለት ሌላ ምንም አትነግረኝም።

ከሩቅ ጉልበትዎን የምትስም
ሔራን


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔራን

ሰላምና ጤና ከአንቺ አይራቅ። እኛ አምላክ ይመስገን አለን።

አዲሱን ሞከርነው። ባለፈው እሑድ ነጂዎቹን ሁሉ ሰብስቤ "በሉ አሁን ባንድ ላይ ክፈቱ" አልሁ። አርባ ስልክ ባንዴ ተከፈተ፤ አንድም የዘገየ የለም። አጨበጨቡልሽ። አስማማውን ታስታውሽው ይሆናል፣ የአደይን ባል። ከተሳፋሪው አንድ ሰው እንኳ የመንሳፈፊያ ላይፍ ጃኬቱን ካላሠረ ሞተር የማያስነሣው እሱ ነው። "ሔራን አጠገቤ የተቀመጠች ያህል ነው" ብሎ አሳቀን።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድሮ ስሳሳት ስህተቴን የማውቀው ሰማዩን ዳግመኛ ቀና ብዬ ሳይ ነበር። አሁን ነጂዎቹ ሰማዩን ማየት ትተዋል፤ እኔም እየተውሁ ነው። አፑ ቢሳሳት በምን እናውቃለን? የሽማግሌ ጥያቄ ነው ብለሽ አትለፊው። መልስሽን ከበዓሉ በፊት ብታደርሺኝ ደስ ይለኛል።

እናትሽ ጉልበቷ ስላስቸገራት ዘንድሮ ወደ ደሴቱ አልሄድም ብላለች። እሷም እንደ እኔ ትመርቅሻለች።

አጎትሽ ቢያዝን


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔራን

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የሞተ ሰው የለም። ይህን በመጀመሪያ የጻፍሁት የቀረውን ተረጋግተሽ እንድታነቢው ነው።

ሐሙስ የሚካኤል ዕለት ጠዋት ሐይቁ ረግቶ ነበር። ዐሥራ አራት ጀልባ ሕዝብ ይዞ ወደ ደሴቱ ተሻገረ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሊመለስ ሲዘጋጅ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ ከወደቡ ሆኜ ስልኬን ከፈትሁ። ቀይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ብርቱ ነፋስ እንደሚነሣ ይናገራል። ነጂዎቹን አንድ ባንድ እየደወልሁ "እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከደሴቱ እንዳትነቃነቁ" አልኋቸው። ዐሥራ ሦስቱ ሰሙኝ። የአስማማው ስልክ ግን ደጋግሜ ብደውል አልገባም አለ። ጀልባውን ያሠረው ደግሞ ከሌሎቹ ርቆ በደሴቱ ወዲያኛው ጎን ስለ ነበር የሚነግረው አላገኘም።

አስማማው ስምንት ሰዓት ከዐሥር ላይ ሠላሳ አንድ ሰው አሳፍሮ ተነሣ። መንገዱን ሲያጋምስ ነፋሱ ከምዕራብ መጣበት። ማዕበሉ ጀልባዋ ውስጥ ገባ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ጀልባዋ በጎኗ ተኛች። ሰዉ ከነሕፃኑ ውኃ ውስጥ ሆኖ ጀልባዋን ይዞ፣ እርስ በርሱም ተያይዞ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ነፋሱ እየገፋ ዳር ላይ ወደ በቀለው ደንገል አስጠጋቸው፤ ዓሣ አጥማጆችና የእኛ ሁለት ጀልባዎች ደርሰው አወጧቸው። ሁሉም ላይፍ ጃኬት አሥረው ስለነበር ነው የተረፉት። ይህን አስማማው ነው ያደረገ፤ አልክደውም። ሁለት ሰዎች ተጎድተው ሐኪም ቤት ናቸው።

የማኅበሩ ኮሚቴ አስማማውን ጠርቶ ጠየቀው። "አረንጓዴ ነው ያየሁ" አለ። እኔ በሰባት ሰዓት ተኩል ያየሁት ቀይ ነው። ሌሎች ሁለት ነጂዎችም ቀይ ነው ያየን ብለዋል። "አንድ አፕ ለአንዱ ቀይ ለሌላው አረንጓዴ ይሆናል እንዴ?" ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እንዲህ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ገድሉ፣ የአስማማው የመንጃ ፈቃድ ይነጠቅ፣ ነገሩም ለሕግ ይቅረብ እያለ ነው። ውሳኔው ለሐምሌ 5 ተቀጥሯል። እንግዲህ ካንቺ የምፈልገው አንዲት ወረቀት ነው። "ሰኔ 12 ቀን ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አፑ ቀይ ያሳይ ነበር" ብለሽ ጽፈሽ ፈርመሽ ላኪልን። ሁለት መስመር ይበቃል።

እናትሽ ለጉልበቷ ጸበል ገብታለች። ስልክ ስለማያስገቡ ብትደውይ አታገኚያትም፤ አታስቢ።

አጎትሽ ቢያዝን


ሃምቡርግ፣ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ቢያዝን

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ መልሴም እንደዚሁ ዘገየ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሞተ ሰው ባለመኖሩ አምላኬን አመሰገንኩ።

ወረቀቱን ከመላኬ በፊት ጥቂት ነገሮች ልጠይቅዎት። አስማማው ስልኩን የከፈተው በስንት ሰዓት ነው? ከመሳፈራቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? አንድ ጊዜ ብቻ ነው የከፈተው? ሲከፍት አጠገቡ የነበረ፣ ያየለት ሰው የለም? ኮሚቴው ስልኩን ወስዶ ተመልክቶታል?

ሁለቱ የተጎዱት ሰዎች እነማን ናቸው? ጉዳታቸውስ ምን ያህል ነው?

የእማዬን ስልክ ባለፉት ሁለት እሑዶች ሞከርኩ። ጸበል ስትገባ ከዚህ በፊት ሁልጊዜ ቀድማ ትነግረኝ ነበር። ማህሌትም ብደውልላት አታነሣልኝም። የት ጸበል እንደገባች፣ አብሯት ማን እንዳለ ይጻፉልኝ።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ አፑ የሰጠው መልስ ሁሉ የሚቀመጥበትን መዝገብ በደንብ ማየት አለብኝ። ጊዜ ይሰጡኝ።

ሔራን


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔራን

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁለት መስመር ለምኜሽ ዐሥር ጥያቄ ላክሽልኝ።

አስማማው "ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት ከፈትሁ" ይላል። ያየለት ሰው ይኖር እንደሆን ጠይቀነዋል። "ነበረ" አለ። "ማነው?" ስንለው "ተዉት፣ ሰው አላስጨንቅም" ብሎ ዘጋን። አቶ ገድሉ ይህን ሲሰማ "ምስክር ቢኖረው ይጠራው ነበር" አለ፤ እኔም በልቤ እንደዚያው አልሁ። ስልኩ ውኃ ገብቶበት አይሠራም።

አሁን ተራ ስለማይሰጠው ጠዋት ይመጣል፣ የወደቡ ግንብ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ይሄዳል። ነጂዎቹ ሰላም አይሉትም። ትናንት አንዱ "አረንጓዴው" ብሎ ጠራው፤ ሰው ሳቀ። አስማማው አልተቆጣም። ሲቆጣ ባየው ይሻለኝ ነበር።

ልጄ፣ ቀኑ ደርሷል። እኔም ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። የምጠይቅሽ አስማማውን ለመጉዳት አይደለም፤ ነገሩ አንድ ዕልባት እንዲያገኝ ነው። ያየሁትን ተናግሬአለሁ፤ ያየሁት እውነት መሆኑን ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። ለምንድን ነው የምትዘገዪ?

እናትሽ ደኅና ናት። ጸበሉ ሩቅ ነው። አትጨነቂ።

ቢያዝን


ሃምቡርግ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ቢያዝን፣ በእርስዎም በኩል ለማኅበሩ ኮሚቴ

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር በሉኝ። አስማማው አልዋሸም።

ሰኔ 12 ቀን ከቀኑ በስምንት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ፣ ደሴቱ ላይ ያለ አንድ ስልክ አፑን ጠይቋል። የተሰጠው መልስ አረንጓዴ ነው። የእርስዎ ስልክ በሰባት ሰዓት ተኩል ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ ቀይ ነው። ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት። ሁለቱም መልስ የወጣው ከእኔ ሥራ ነው።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። አፑ ሦስት ቅጂ ሆኖ እንደሚሠራ ጽፌልዎት ነበር። እያንዳንዱ ቅጂ በየዐሥር ደቂቃው ከመለኪያዎቹ አዲስ የነፋስ ልኬት ያመጣል፤ ትንበያውን የሚሠራው በዚያ ነው። ሰኞ ሰኔ 9 ጠዋት የሦስተኛው ቅጂ ልኬት የሚያመጣው ክፍል ቆመ። ሌላው አካሉ አልቆመም። ተቆጣጣሪው ፕሮግራም እንደ ልማዱ እየዞረ "አለህ?" ሲለው "አለሁ" ይል ነበር፤ ስለዚህ አላጠፋውም፣ ጠያቂ መምራቱንም አላቋረጠም። ሰኞ ደግሞ ጸጥ ያለ ቀን ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተራው ሦስተኛው ቅጂ ላይ የወደቀ ሰው ሁሉ የሚነገረው ስለ ሰኞ ሐይቅ ነበር። በሚካኤል ዕለት ያ ተራ አስማማው ላይ ወደቀ።

"አለህ?" የሚለውን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። "የመጨረሻው ልኬትህ የስንት ሰዓት ነው?" የሚል ሁለተኛ ጥያቄ እንደሚያስፈልግ አውቅ ነበር፤ ግንቦት 28 ቀን በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ። ለበዓሉ ለማድረስ ስለቸኮልኩ "ከበዓሉ በኋላ እጨምረዋለሁ" አልኩ።

ይህ ብቻ አይደለም። ሰኔ 10 ቀን ከክላስተሩ የማስጠንቀቂያ መልእክት መጥቶልኝ ነበር። ወደ ሥራ ስሄድ ባቡር ውስጥ አነበብኩት፤ ተራ ነገር መስሎኝ ዘጋሁት። እርስዎ "ቢሳሳት በምን እናውቃለን?" ብለው የጻፉልኝም ከበዓሉ አራት ቀን አስቀድሞ ደርሶኝ ነበር። ያልመለስኩት መልስ ስላልነበረኝ ነው።

የሰኔ 15ቱ ደብዳቤዎ ዘግይቶ ደረሰኝ ያልኩት ውሸት ነው። በማግሥቱ ደርሶኛል። መዝገቡን ከፍቼ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አገኘሁት፤ ቅጂውንም ያን ዕለት ለማንም ሳልናገር አስተካከልኩት። ከዚያ ዐሥራ ስድስት ቀን ዝም አልኩ። የጠየቁኝን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። "አፑ ቀይ ያሳይ ነበር።" ቃል በቃል ሐሰት አይደለም፤ ለእርስዎ አሳይቷል። ፈርሜ ሳበቃ ልልከው አልቻልኩም። ልናዘዝም አልደፈርኩም፤ በዚህ ወር ስለዚህ አፕ ቪየና ላይ በባለሙያዎች ፊት እንድናገር ተጠርቼ ነበር፣ ስሜ እንዳይነሣ ፈራሁ። ስለ አስማማው የጻፉልኝን፣ "አረንጓዴው" ብለው እንደሳቁበት፣ ካነበብኩ በኋላ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። የቪየናውን ትናንት ሰርዣለሁ።

አሁን እያንዳንዱ ቅጂ የመጨረሻ ልኬቱ የስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠየቃል። ግማሽ ሰዓት ካለፈው ከሥራ ይወጣል። ሦስቱም ካለፋቸው ስልኩ አረንጓዴም ቀይም አያሳይም፤ "አላውቅም" ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። ይሁን እንጂ እኔ ተስተካክሏል ስላልኩ ብቻ እንዳትጠቀሙበት፤ ኮሚቴው ይወስን።

የመዝገቡን ገጽ አያይዣለሁ። ይህን ደብዳቤ በሰው ሁሉ ፊት ያንብቡልኝ። ነገሩ ለሕግ የሚቀርብ ከሆነ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ አድራሻዬ ከታች ተጽፏል።

ጋሼ፣ የተጎዱትን ሁለት ሰዎች ስም እስካሁን አልነገሩኝም። የእማዬ ስልክም ሦስት እሑድ ሙሉ አልሠራም። እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ የነበረኝን ነግሬዎታለሁ።

ሔራን


ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔራን

የልብሽን ጭንቀት የሚያውቅ አምላክ ያረጋጋሽ። በመጀመሪያ የእኔን ልናዘዝ።

እናትሽ ጸበል አልገባችም። በዋዜማው "አንድ ዓመት ቀርቼ አላውቅም" ብላ ሐሳቧን ለወጠችና በጠዋቱ ጀልባ ተሻገረች። ስትመለስ የተሳፈረችው በአስማማው ጀልባ ነው። ቀኝ ክንዷ ከክርኗ በላይ ተሰብሯል፤ ውኃ ሳንባዋ ገብቶ ዐሥራ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። ከተጎዱት ሁለቱ አንዷ እሷ ናት። ሌላው ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው በሳምንቱ ወጥተዋል። "ለሔራን ብትነግራት ሥራዋን ጥላ ትመጣለች" ብላ አስማለችኝ። ማህሌትንም እንዳታነሣልሽ ያዘዝኋት እኔ ነኝ። በጸበል ስም መዋሸቴን ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ። አሁን ቤቷ ናት፤ ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ እያገገመች ነው።

ደብዳቤሽ ዓርብ ከቀትር በኋላ ደረሰ። ማህሌት አተመችው። እኔ እዚያው ቆሜ አነበብሁት። ወዲያው ሹም አቦ ሄድሁና ለእናትሽ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤

"እኔ አይቼዋለሁ።"

"ምኑን?" አልኋት።

"አረንጓዴውን። ጉልበቴን ስላመመኝ አስማማው ደግፎ ከፊት አስቀመጠኝ። ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ስልኩን አሳየኝና 'ይኸው እትዬ አገርነሽ፣ ልጅዎ ሂዱ ብላናለች' አለኝ። ደስ ብሎኝ አጠገቤ ላሉት ሴቶች ነገርኋቸው።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ምነው ዝም አልሽ?"

"ልጄን ልከስስ?" ብላ በደኅናው እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ቅዳሜ ስብሰባው ላይ መጣች። ክንዷ እንደ ታሠረ፣ ማህሌት ደግፋት ገባች። ደብዳቤሽን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብሁ። "ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ" ያልሽው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ለማህሌት ሰጠኋት፤ ተቀብላ ጨረሰችው። ከዚያ እናትሽ ተነሥታ ያየችውን ተናገረች። "ስሜን ያልጠራባችሁ እናትን በልጇ ላይ አላስመሰክርም ብሎ ነው። ይህን ሐኪም ቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ይህን እያወቅሁ ዝም አልሁት" አለች። ወደ አስማማው ዞራ ጎንበስ ልትል ስትል ብድግ ብሎ ያዛት።

የአስማማው ፈቃድ እንዳይነጠቅ፣ የጀልባ ተራውም እንዲመለስለት ኮሚቴው ወሰነ። አፑ እስከ መስከረም እንዲቆም፣ ከዚያ በኋላም የእኔ ዓይንና የስልኩ መልስ ካልተስማሙ ማንም እንዳይወጣ ተባለ። ሁሉም ሰው ይቅር ብሎሻል ብዬ አልዋሽሽም። የሽማግሌው ልጅ "አባቴ ቢሞትስ ኖሮ ይህን ወረቀት ምን አደርገው ነበር?" ብሎ ጠየቀ። ስልክ ቁጥሩን ማህሌት ትልክልሻለች፤ ደውይለት።

እኔም አስማማውን ይቅርታ ጠየቅሁት። "ቀይ አየሁ ስትሉ አምኜዎታለሁ፤ እርስዎ ግን አላመኑኝም" አለኝ። እውነቱን ነው።

ሰዉ ሲወጣ አስማማው ወደ ኋላ ቀረና "ጋሽ ቢያዝን፣ የሔራንን ደብዳቤ ይስጡኝ" አለኝ። "ለማኅበሩ መዝገብ ነው፣ ምን ያደርግልሃል?" ብለው፣ "አደይ ታንብበው። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ዋሸህ ብላኝ አታውቅም። ግን እራት ባቀረበች ቁጥር 'እውነት አረንጓዴ ነበር?' ትለኛለች" አለኝ። የማኅበሩን ማኅተም አድርጌ፣ አጥፌ ሰጠሁት። ለመዝገቡ ማህሌት ሌላ አተመች።

የእናትሽ ስልክ ሐይቁ ውስጥ ቀርቷል፤ ዛሬ አዲስ ገዝቼላታለሁ፣ ቁጥሩ የድሮው ነው። እሑድ ትጠብቅሻለች። በግራ እጇ ስለሆነ የምታነሣው ትዘገያለች፤ ቶሎ አትዝጊው።

አጎትሽ
ቢያዝን